ባለ አራት ቻናሉ፣ በለቅሶ ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1989

ሰይድ ሞተ። ጠዋት ሱቁን ሊከፍት መገናኛ ሄዶ እዚያው ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ድንኳኑ በእሱና በእኔ በር መካከል ተተክሏል።

ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሃያ ዓመት ጎረቤት ነበርን። የተኳረፍነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በጎርፍ መውረጃ።

ከቀብር ስመለስ ባለቤቴ ፀሐይ፣ "ያኒስ እንዴት ሊሆን ነው?" አለችኝ። ሰውየውን አፈር አልብሰን ሳንጨርስ! ተቆጣኋት። እኔም መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት ይህንኑ ነበር።

ከመሥሪያ ቤት ከተቀነስኩ ስምንት ወሬ ነው። ያኒ እዚሁ አገር ተወልዶ ያረጀ ግሪክ ነው፤ ሐሙስ ጠቅልሎ ይሄዳል። ፍሪጁን በባለ አራት ቻናል የሙዚቃ ሪሲቨሬ ሊለውጠኝ ተስማምቷል፣ ሰምቶ ከወደደው። ካልወደደው ፍሪጁን አንድ ሆቴል ይወስደዋል። ፀሐይ በራችን ላይ ቀዝቃዛ ለስላሳና እርጎ ልትሸጥ አስባለች። ሌላ ሐሳብ የለንም።

ሊሰማ የሚመጣው ነገ ነው። ለቅሶ ቤት አጠገብ ሙዚቃ አይከፈትም። ማዶ ያለው ሻይ ቤት እንኳ ሬዲዮኑን ዘግቷል።

ማክሰኞ

ያኒ መጣ። መጀመሪያ ድንኳን ገብቶ ተቀመጠ፤ ወጉን ያውቃል። ከዚያ ወደ እኔ ገባ።

ጨርቁን ገለጥኩለት። ዕቃውን በስልሳ ሰባት ከአገር ሲወጣ የነበረ አሜሪካዊ ነው የሸጠልኝ። ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ሳጥኑ እንጨት ነው። ፊቱ ላይ ለአራቱ ቻናል አራት የድምፅ መለኪያ መርፌ አለው፤ ሲበራ ሰማያዊ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱን መሥራት ከተዉ ቆይተዋል። ለእሱ ተብለው የተቀዱ ሸክላዎች ያሉኝ አምስት ብቻ ናቸው። ሁለት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ መሐል አንድ ወንበር። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሌላ ቴፕ አይጥመውም።

የጆሮ ማዳመጫ ሰጠሁት። ሪሲቨሩ ሁለት መሰኪያ አለው፤ አንዱ የፊቱን፣ አንዱ የኋላውን ያሰማል። ያኒ እያቀያየረ ሰማ።

"ፊቱን ሰማሁ። ጀርባውንም ሰማሁ። አንድ ላይስ?" አለኝ።

"ያለህ ጆሮ ሁለት ነው፣ ምን ላድርግህ?"

"ታዲያ እኔ ግማሽ ፍሪጅ ላምጣልህ?"

ሳቅን። ወዲያው ሁለታችንም አፋችንን ያዝን።

ወደ እሱ እንዳልወስደው ቤቱን አስረክቧል። ሃያ ሁለት ሰፈር ያረፈባት ክፍል ከአልጋ በቀር ምንም አትይዝም። ሲወጣ፣ "አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ቀስ አድርገን" አለኝ።

ረቡዕ

አደረግሁት።

ወንዶቹ ለቀትር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ድንኳኑ ባዶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። የበሩን ስር በጨርቅ ጠቀጠቅኩ። ፀሐይ ደጅ ቆማ ጠበቀች።

ሁሉም እንዳሰብኩት ሆነ። ያኒን መሐል አስቀመጥኩት። ሸክላውን የመረጠው እሱ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት የተቀዳ ጃዝ። ፒያኖው ከፊት ጀመረ። ያኒ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያልቅ ሕዝቡ ከጀርባችን አጨበጨበ፣ አፏጨ፤ አንዲት ሴት ከትከት ብላ ሳቀች። ያኒ ዞር ብሎ አየ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ይዞራል። ደስ አለኝ።

ከዚያ የጎረቤት ለቅሶ ቀጥ ማለቱን ሰማሁ።

የኋላው ግራ ስፒከር የተሰቀለው በሰይድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ምስማሩን የመታሁት ራሴ ነኝ። ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ስጨነቅ ግድግዳው ትዝ አላለኝም። ከማዶ የተቀመጡት ሴቶቹ ናቸው፤ መሐላቸው የሰይድ ሚስት ዘይነባ። ያ ሁሉ ጭብጨባና ሳቅ የገባው እነሱ ላይ ነው።

መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳሁ።

"ወስጄዋለሁ" አለ ያኒ።

ሐሙስ

ፍሪጁ በፒክአፕ መጣ። በድንኳኑ ፊት ማለፍ ነበረበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳይጠሩ አምስት ሰው ይነሳ ነበር። ዛሬ አንድም የተነሳ የለም። እኔ፣ ፀሐይና ሹፌሩ እየጎተትን አስገባነው። ሪሲቨሩም በዚያው መንገድ ወጣ።

ልብሴን ለውጬ ድንኳን ገባሁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ግርማ ከመቀመጫቸው ሳይንቀሳቀሱ፣

"ታደሰ፣ ትናንት ሰርግ ነበረባችሁ እንዴ? ሴቶቹ ጭብጨባ ሰማን ብለው ነው" አሉኝ።

"ዕቃ ስሸጥ ነው፣ ጋሼ። ሥራ የለኝም።"

"ሰይድም የለውም።"

ወደ ዘይነባ ልገባ አስቤ ነበር። ከድንኳኑ ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ

ፍሪጁ ይሠራል። ፀሐይ አንድ ሳጥን ለስላሳ አቀዝቅዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የገዛት ሁለት የግንበኛ ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱም የሰፈሩ ሰዎች አይደሉም። የሰፈሩ ሰው አጎንብሶ ያልፋል። "ገበያው እኮ እነሱ ናቸው" አለች።

ማዶ ለሰይድ ሰደቃ አብልተው ድንኳኑን አፈረሱ።

ወደ ማታ ከድጃ መጣች፣ ባል ያገባችው የሰይድ ልጅ። በሁለት እጇ ድስት ይዛለች፤ ክዳኑ በጨርቅ ታስሯል።

"እማዬ ናት የላከችኝ። ከሰደቃው የተረፈ ሥጋ ነው፣ እንዳይበላሽ አሳድሩልን ብላለች። ከእናንተ ሥጋ ጋር እንዳይነካካ።"

"ሥጋ የለንም" አልኳት።

"ቢኖርም።"

"ከድጃ፣ የረቡዕ ለታ..."

"ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ" ብላ ወጣች።

በዚህ መንደር ሌላ ፍሪጅ የለም። ለዚያ ይሆናል የላኩት። ወይም ለሌላ። ፀሐይ ጠርሙሶቹን በሙሉ ወደ ታች አወረደች። የላይኛውን መደርደሪያ ወለወልኩና ድስቱን ብቻውን አስቀመጥኩት።