ከሞርፊኑ ጋር ስለተቆለፈው ማርከሻ

ለተከበሩ ጓድ ፈዬራ፣
የጤና ጣቢያችን የመድኃኒት ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አምቦ ድረስ ሄደው በሰልፍ የቆሙበት እግርዎ ድካሙ እንደለቀቀው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ባለቤቴ ጌጤነሽ፣ ልጃችንን ድንቅቱን ከቀበርን ወዲህ፣ እየመሸ እየነጋልን አለን። ይህን ደብዳቤ በጤና ጣቢያው በር ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬ በመሳቢያዎ ውስጥ ተዘግቶበት እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የአደገኛ መድኃኒት ቁምሳጥኑ በሰም እንዲታሸግና ሦስቱ የኮሚቴ አባላት አብረው ካልቆሙ እንዳይከፈት ያዘዙት ሌባ እንዳይደፍረው ነው፤ በእርግጥም ሌባም ሐኪምም ሳይደፍረው ኖሯል። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ከፍታችሁ የቀኑን ሞርፊን ለጤና ረዳቶቹ፣ ለድሬሰሮቹ፣ ሰጣችሁ፣ መልሳችሁ አሸጋችሁ፣ ሦስታችሁም ወደ ሰልፉ ሄዳችሁ።

ሁለተኛ፣ በዚያው ዕለት ልጄ ጭኗ ተሰብሮ ስትጮህ መጀመሪያ አንዱ ድሬሰር፣ ተረኛ ሲቀየር ደግሞ ሌላው፣ ሳይነጋገሩ ሞርፊን ወጓት። በእነሱ አልተቀየምኩም፤ ሁለቱም አዝነውላት ነው። «አባኮ፣ አሁን አያመኝም» ብላ እጄን እንደያዘች ተኛች። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ እየራቀ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ።

ሦስተኛ፣ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት መኖሩን ያወቅሁት በእርስዎ ምክንያት ነው። በመርፌ ሲሰጥ ሞርፊኑን በሰውነት ውስጥ ከያዘው ቦታ አስለቅቆ የጠፋውን ትንፋሽ እንደሚመልስ ነርሷ ሲስተር ባየሽ ነገረችኝ፤ የት እንዳለ ስጠይቃት እያለቀሰች ወደ ቁምሳጥኑ አመለከተችኝ። እርስዎ የሞርፊን ማርከሻ ነው ሲባል ሰምተው እሱንም ከአደገኞቹ ቆጥረውታልና። ማንንም የማያሰክር፣ ሱሰኛ እንኳ የማይፈልገው መድኃኒት ነው።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ኦቦ ጉዩ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ቢሮዎን እንዲጠብቁ ትተዋቸው የሄዱት ጸሐፊዎ ግን ማኅተም የሰበረ የሕዝብ ጠላት ነው ብለው ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጥበቃዎችን ከፊታችን አቆሙ። ቁምሳጥን ይህን ያህል ሲከበር በዕድሜዬ አላየሁም። ሲስተር ባየሽ ጉልበቷ እስኪከዳት በአፏ ትንፋሽ ሰጠቻት፤ እኔ በጠመንጃው ፊት ቆሜ እለምን ነበር፤ ልጄ በዚያው አሸለበች።

ጓድ ፈዬራ፣ ልቤ ተሰብሯል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነበርና ጌጤነሽ የደንብ ልብሷን ሰፍታ ጨርሳ ነበር፤ በእሱ ቀበርናት።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናሎክሶኑ ከቁምሳጥኑ ወጥቶ ነርሶቹ እጅ ይቀመጥ። ዛሬም እዚያ ክፍል የሰው ልጅ ተኝቷል።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ ጽናት እየተመኘሁ፣ እንቅልፍ ባጣ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዓብዲሳ ቀንዓ
የድንቅቱ አባት

ማስታወሻ፦ ከሰልፉ ተመልሳችሁ ቁምሳጥኑን በደንቡ መሠረት ስትከፍቱ ናሎክሶኑ ምንም ሳይጎድል በመገኘቱ ኮሚቴው መመስገኑን ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ለሚቀጥለው ሰልፍ ከመሄድዎ በፊት ግን ለወላጆች ቀደም ብለው ያስታውቁ፤ ልጆቻችን ያን ዕለት እንዳይታመሙ እንመክራቸዋለን። የእኔዋን የመከራት ሰው አልነበረም።