ግድግዳው ነው ወይስ በሩ የቀደመው?

ውድ አሰፋዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጅግጅጋ እንደተውካት ናት፤ ነፋሷ አቧራውን አሁንም እስከ ድስታችን ድረስ ያመጣዋል። አልጋችንን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ልብሶችህን ለወንድምህ ሰጠሁ፤ ሰማያዊ ሸሚዝህን ግን ደብቄ አስቀረሁ። የባዮሎጂ ክፍልህንም ተረክቤ እኔው አስተምረዋለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ በሱ ጉዳይ ነው።

ተማሪዎችህን ከከተማው መውጫ ወዳለው ኬላ የወሰድክበት ቀን ትዝ ይልሃል? እኔም እየሳቅኩብህ ተከተልኩ። አንተም ይቺን ሴት ያለ ይለፍ እንዳታሳልፏት ብለህ ዘበኞቹን አሳቅህብኝ። ፍየሉም አህያውም ዝም ብሎ ያልፋል፤ የጭነት መኪናው ግን ይለፍ ካላሳየ ንቅንቅ የለም። ሴል ውስጥ ዲኤንኤውን የያዘው የኒውክለስ ሽፋን ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም እንዲሁ ናቸው አልካቸው፤ ትንሹን ዝም ብለው ያሳልፋሉ፣ ትልቁን ይለፍ ይጠይቃሉ።

ያኔ የነጋዴው ልጅ ሆዳን ጠየቀችህ። ጥንት ኒውክለስ ያልነበረው ሴል ያንን ሽፋን ሲያበጅ ግድግዳው ነው ወይስ በሩ የቀደመው? በር የሌለው ግድግዳ ውስጡ ያለውን አይገድልም ወይ? አንተም ሳታፍር፣ «አላውቅም፤ እስካሁን የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም» አልካት።

ቤት ስንገባ ተቆጣሁህ። መምህር በተማሪ ፊት እንዴት አላውቅም ይላል፣ አዋረድከን አልኩህ። በዚያው ሰሞን የወፍ በሽታው ጣለህና ወደ ወሬው ሳንመለስ ቀረን። ይህ ያንገበግበኛል።

ሆዳን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ያንኑ ጥያቄ ለእኔም አቀረበችልኝ። ፈተናው ተቃርቧል፣ እኔም አላውቅም ማለት ፈራሁ። የሴሉ የውጭ ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ዲኤንኤውን ከበበው፣ በሩ ኋላ መጣ፣ አለቀ ብዬ አስጻፍኳቸው። ልጅቷ ጻፈች እንጂ ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ።

ትናንት ክፍል ገብቼ ያስጻፍኳችሁ ግምት ነው፣ እውነቱን እኔም አላውቅም አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሆዳን ግን ዛሬ የራሷን ሐሳብ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ አመጣችልኝ። ሽፋኑ መጀመሪያም ዙሪያውን አልገጠመም፣ የቀሩት ክፍተቶች ናቸው ቀስ በቀስ በር የሆኑት ትላለች። ደጋግሜ ባነበውም ልክ ይሁን ስህተት መለየት አቃተኝ። አንተ ብትሆን ምሳህን ትተህ ትከራከራት ነበር።

በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። የልጅቷን ነገር ግን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም፤ በጠየቀች ቁጥር አንተን ፈልጋ የምታገኘው እኔን ነው።

ያንተው ሰናይት