በእንጨቶቼ ላይ ስላሉት ጭረቶች

ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ እኔ ወጌሻው፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን ለጸሐፊው እየነገርሁ አስጽፌአለሁ። ምስክሮቼ ግንበኛው ጎረቤቴና ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ልብስ ሰፊዋን ለምን ጠራሃት የሚለኝ ቢኖር፣ ሆን ብዬ ነው። ትስማ!

ቤቱን ለሁለቱ ልጆቼ እኩል አውርሼአለሁ። የፊተኛው ክፍል ግን ከነአግዳሚው፣ ከነቅባቱና ከነፋሻው ሣጥን የሴት ልጄ ነው። ወንዱ ልጄ «አባዬ፣ ሰው እኮ ሸሸን፤ ለሱቅ እናከራየው» ብሎኛል። አልተቀየምሁትም። ነገር ግን እጅ ያላት እሷ ናት፤ ዐይኗን ጨፍና አጥንት ስትዳስስ እኔው አባቷ እቀናለሁ። በእኔ ስም የተነሣ ወሬ እንጀራዋን እንዲዘጋባት አልፈቅድም።

ግድግዳው ላይ ስለተሰቀሉት እንጨቶች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሲድን የታሰረበትን እንጨት ፈትቼ አስቀርቻለሁ። መጻፍ ስለማልችል የታሰረበትን ሳምንት በቢላ ጭሬበታለሁ፤ ስድስት ሳምንት፣ ስድስት ጭረት። መዝገቤ ይኸው ነው። የጣሪያ ሠሪው ክንድ በስድስት ሳምንት ዳነ። ሰውየው በስድስተኛው ዓመት በሳንባ ምች ሞተ፤ ነፍሱን ይማር። ልብስ ሰፊዋ ወንፊት ልትዋስ ገብታ፣ የሱ እንጨት የቱ እንደሆነ ጠይቃኝ ጭረቱን ቆጠረችና «ጭረቱ ዕድሜ ነው! ወጌሻው ቀናችንን ቆርጦ ይሰቅላል» ብላ ወጣች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከደጄ ሰው ከጠፋ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የሻይ ቤቱ ሰውዬማ «ጋሼ፣ ለኔ አሥር ይጨምሩልኝ» ብሎ ለመነኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ተቆጣሁ። ዕድሜ በእጄ ቢሆን ኖሮ፣ እናንተ ሰዎች፣ ለራሴ አልጭርም ነበር?

ስለዚህ እያንዳንዱ እንጨት ለባለቤቱ ይመለስ። ቢፈልጉ ያንድዱት። አንቺ ልጄ ፊደል ቆጥረሻል፤ በደብተር ጻፊ፣ እንጨት አትጫሪ።

የልብስ ሰፊዋ እንጨት አራት ጭረት አለው። ክንዷን ከጠገንሁላት ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው፤ እንቅልፍ እንዳጣች አውቃለሁ። እንጨቱን ከነቢላው አውርሼአታለሁ፤ መቶ ትጨምርበት። ነገር ግን የልጅ ልጇ ማክሰኞ ከደረጃ ወድቃ የእጇ አንጓ አብጧል፤ ልብስ ሰፊዋም በሻርፕ ጠቅልላ ደብቃታለች። እንጨቷን የምትወስደው ልጅቱን ዛሬውኑ ለልጄ ካሳየች ነው። አጥንት ወሬ እስኪበርድ አይጠብቅም፤ ተጣሞ ይገጥማል።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ ስንት ጭረት ይሆንባታል?» አለች። ጸሐፊው፣ ይህንንም ጻፍ።

«አራት ሳምንት ትታሰራለች» አልኋት።

«እንደ እኔ?»

«አዎ፣ እንደ አንቺ! የስፌት መኪናሽን የምታዞሪው በየትኛው እጅሽ ነው?»

እጇን አየት አድርጋ ወጣች።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ እንደተናገርሁት ሆኖ ስላገኘሁት አውራ ጣቴን አትሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ወጌሻው (የጣት አሻራ)

አንደኛ ምስክር፦ ግንበኛው (ፊርማ)

ሁለተኛ ምስክር፦ ልብስ ሰፊዋ (ፊርማ)

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ሁለተኛዋ ምስክር የፈረመችው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ልጅቱን አዝላ እስክትመለስና የወጌሻው ልጅ አንጓዋን አስራ እስክትጨርስ ጠብቀናታል። እንጨቷን ተቀብላለች። ቢላውን ግን አግዳሚው ላይ ትታው ሄዳለች።