የጳጉሜን ግብር

የካቲት 12

የጓሳ ነፋስ ዛሬም አልተኛም። ግድግዳ ተጠግቼ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳነብ ልጄ እፀገነት ከኖርዌይ ደወለች።

«እማ፣ የቤታችንን ክፍሎች ኪራይ እዚህም ግብር ይጠይቁበታል። ራቤል ግብር ቢሮ መክፈላችንን ካላሳየሁ ድጋሚ ልከፍል ነው።»

«ደረሰኙን ልኬልሽ የለ?»

«የሒሳብ ባለሙያዬ ቀኑ ስህተት ነው አለች። አሥራ ሦስተኛ ወር የለም አለች።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ለሁለት አገር ከምገብር ቤቱ ይሸጥ፣ አንቺን ደብረ ብርሃን አስገባሻለሁ አለች።

በጎቹስ? ባሌ ሽመክት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞ የሠራው ቤት...

የካቲት 13

ጳጉሜን የሌለበት አገር... ክረምቱ በምን ያልቃል?

የካቲት 16

ግብር ቢሮ ሄድኩ። መርስዔ ኃዘን ደረሰኙን አገላብጦ ሳቀ።

«ታዲያ ነሐሴ ልበለው እትዬ ተሾመች? የጳጉሜን ሦስት ቀን ምን አላት?»

እየቀለደ ነው። ግን ምን አላት... እፀገነትን ትምህርት ቤት ሳስመዘግብ መምህሩ መቼ ተወለደች ቢለኝ «እንጃ» አልኩ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብዕር የያዘ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ጥር 1 ብሎ ጻፈ። ይኸው እስካሁን በወረቀት የጥር ልጅ ናት። የወለድኳት ግን ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዝናብ። ግብሯን በየዓመቱ በዚያ ቀን የምከፍለውም ለዚሁ ነው። ያቺን ቀን አንዴ ሸሽቻታለሁ፤ ሁለተኛ?

«እንዳለች ትሁን» አልኩት። «የእነሱን ቀን አጠገቧ ጻፍልኝ።»

ጳጉሜን 3 ማለት ሴፕቴምበር 8 ነው የሚል ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም መታበት።

«ሁለት አገር አስታረቁ» አለኝ።

የካቲት 29

ባለሙያዋ ደብዳቤውን ተቀበለች። ቤቱ አይሸጥም።

«ግን እማ፣ ሁልጊዜ ጳጉሜን 3 የምትከፍዪው ለምንድን ነው?»

«ሩፋኤል ነዋ።»

«ሌላስ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«አባባ እኮ ድሮ ነግሮኛል። አንቺ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው።»

ምን አልኳት? በጎቹ አልገቡም ብዬ ዘጋሁ መሰለኝ... ገና ቀትር ነበር።

ሐምሌ 9

ግብር ከፈልኩ። መርስዔ ኃዘን «ምነው ዘንድሮ ፈጠኑ?» አለኝ። ያቺ ቀን ሌላ ሥራ አላት አልኩት።

ጳጉሜን 3

ዝናቡ መጣ። ወጥቼ ራሴን አስመታሁ። ከዚያ እኔው ደወልኩ።

«እንኳን ተወለድሽ።»



«በስንተኛው ወር?»

«በሌለው» አልኳት።