ሐኪም ለመሆን የት ልሂድ፣ አባዬ?

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። ከተለየኸን ሁለት አረፋ አለፈ። የመጀመሪያውን በለቅሶ አሳለፍነው፤ ዘንድሮ ግን አጎቴ ሸምሱ ልጆቹን ሁሉ ከአዲስ አበባ ጭኖ መጣና ቤቱ ሞላ። ሞላ እልሃለሁ እንጂ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ማንም ደፍሮ አልተቀመጠም። ናፍቀኸኛል። ሌላ ምን ብዬ ልጀምር?

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ የግቢውን በር አረንጓዴ ቀባችው። አታምነኝም፣ ራሷ ናት የቀባችው፤ ግማሹ ቀለም የቀረው ቀሚሷ ላይ ነው። ሰው ግን አሁንም ያንን በር ያንኳኳል። እግሩ ወለም ያለው፣ ትከሻው የወለቀ፣ ከባጃጅ የወደቀ። ከቡታጅራ ወጣ ካልክ ሞትህን ያልሰማ ብዙ ሰው አለ። እማዬ ሞቷል ማለት አልሆንልሽ ብሏት የለም ብቻ ትላቸዋለች። እነሱም ገበያ የወጣህ እየመሰላቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል።

ትልቁ ወሬ ደግሞ ይኸው፤ አለፍኩ! ከትምህርት ቤታችን ሴቶች አንደኛ ወጣሁ። ከአራተኛ ክፍል ጀምረህ ሰው ፊት ዶክተሬ እያልክ ስታሳፍረኝ ኖረህ፣ አሁን ጊዜው ሲደርስ የለህም። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሙሉ ተባልን። የመጀመሪያውን ዓመት በጥሩ ነጥብ ካለፍኩ ሕክምና የምማረው እዚያው ስለሆነ፣ ሐኪም የምሆንበትን ቦታ ከአሁኑ መምረጤ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ክፍል ሁሉ አስለቅቆልኛል። እማዬ እንኳን አፍ አውጥታ አልተናገረችም። ግን ቅርባችን ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ወደ ወልቂጤ ሚኒባስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጎረቤት ስትጠይቅ ሰማኋት። እኔ ጎንደርን አንደኛ ላደርግ ቆርጬ ነበር።

ለሰው ሁሉ ጎንደር ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው አልኩ። ላንተ ግን አልዋሽም። የፈለግኩት ማንም የማያውቀኝ አገር ነው። እዚህ የወጌሻው ልጅ ነኝ። የስንቱን አጥንት የጠገነ ሰው በወገብ ሕመም እንዴት ይሞታል ይሉኛል።

እንዴት እንደሆነ አንተና እኔ እናውቃለን። ጅማት ዞሮብኝ ነው፣ በቅቤ ብታሺኝ ይለቀኛል አልከኝ። አምስት ወር አሸሁህ። ጠንከር አድርጊ ስትለኝ ጠንከር አደረግኩ። እየከሳህ፣ ማታ ማታ እያላበህ! የሌላ ሰው ወገብ ቢሆን ይሄ የእጅ ሥራ አይደለም ብለህ ሐኪም ቤት ትልከው ነበር። ስንቱን ስብራት በቀርከሃና በቃጫ አስረህ አድነሃል፣ ስንቱንም እኔ አልነካውም ብለህ መልሰሃል። የራስህ ሲሆን ግን እጅህን አመንክ፤ እኔ ደግሞ አንተን አመንኩ። ካንሰሩ አጥንትህን ከጨረሰው በኋላ ነው ሐኪም ያየህ። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ አለን።

ምርጫው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ከመስቃን አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው መጡ። እማዬ እንደለመደችው የለም አለቻቸው። ልጁ ካለች እሷ ታሸኝ አሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላቸው ከረመዳን በፊት አሉኝ። ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። አላሽም አልኳቸው። ተቆጡ! አባትሽ ቢኖር እንዲህ አድርጎ አይመልሰኝም አሉኝ። ያኔ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር አፈረጥኩት። አባቴ በዚሁ ሕመም ነው የሞተው፣ አምስት ወር ያሸሁትም እኔ ነኝ አልኳቸው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ሽማግሌውም፣ እንግዲያው ነገ ሐኪም ቤት አንቺው ውሰጂኝ አሉ። ወሰድኳቸው። እማዬ ሻርፗን ደርባ አብራን መጣች፤ ወረፋ ስንጠብቅ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም። የምርመራቸው ውጤት ገና አልደረሰም፤ ዱዓ እያደረግኩላቸው ነው።

ከዚያ ስመለስ ወልቂጤን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ። ለእማዬ ብዬ ብቻ አይደለም፣ እሷ ግን ደስታዋን የት ታድርገው! እኚያ ሰውዬ የሰሙኝ ያንተ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ጎንደር ብማርና እዚያው ብቀር፣ እዚህ ቅቤ ይዞ ወጌሻ የሚፈልገውን ሰው ማን ይመልሰዋል? አጎቴ አኩርፎ ስልኬን አያነሳም። ያልፍለታል።

አባዬ፣ አልረሳህም። ወገቡን ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ስምህን እነግረዋለሁ፣ እንዴት እንደሞትክም እነግረዋለሁ፤ አትቀየመኝ። ያን ጊዜ እንደ ሽማግሌው አንተንም እምቢ፣ አላሽህም ብዬህ ቢሆን ኖሮ፣ ተቆጥተኸኝም ቢሆን፣ ሻንጣዬን ተሸክመህ ወልቂጤ ድረስ የምታደርሰኝ አንተ ነበርክ።

ልጅህ ረሂማ