ስለ ስድስት ሳንቲሜትርና ስለ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ

ለተከበሩ የነጠላ ሙያ ተቋራጮች ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከመስኮቶቹ ጀርባ ለሚያገለግሉን ባልደረቦችዎ ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ለጉልበትዎና ለወገብዎ ደግሞ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ሁለቱ ደህና እስከሆኑ ድረስ ሰው የመታጠቢያ ቤቱን በር ስፋት ሳይለካ ዕድሜውን ይጨርሳል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ አራት ጊዜ በግል ጽፌልዎ አራቱም «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል ማኅተም ይዘው ወደ እኔው ስለተመለሱ ነው። የሚመለከተው ክፍል እኔ እሆን እንዴ ብዬ ብዙ አሰብኩበት፤ ግን ሕዝብ ሁሉ ቢያነበው ሌላ የሚመለከተው ሰው አይጠፋም ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰባት ወር በፊት የባለቤቴ ቀኝ ጎን አልታዘዝ አለው፤ ከሆስፒታል የተመለሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ወንበሩ ስድሳ ስምንት ሳንቲሜትር ነው፤ የመታጠቢያ ቤታችን በር ስድሳ ሁለት። በእኔ ሙያ ስድስት ሳንቲሜትር ማለት ስፌቱን ፈትቶ መልቀቅ ነው፤ ደንበኛዬ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ያልቃል። ግድግዳ ግን ልብስ አይደለምና፣ በአጥርዎ ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ አነበብኩ፦ «ለአንድ ሥራ አንድ ባለሙያ፣ ለአንድ ባለሙያ አንድ ፈቃድ!» ጎረቤቴ «እትዬ፣ ሁሉንም የሚሞክር ሰው ላምጣልዎ፣ በሁለት ቀን ይገላግልዎታል» ሲለኝ ማስታወቂያዎን ጠቅሼ አሳፈርኩት። ለዚህ ጀግንነቴ የምስጋና ወረቀት ባይደርሰኝም አልተቀየምኩም።

ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከመዝገብዎ የመረጥኳቸው ግንበኛ በቀጠሯቸው ቀን፣ በቀጠሯቸው ሰዓት መጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ፈቃዳቸውን በፕላስቲክ አስለብጠው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ፣ ሜትራቸውን ዘረጉ፤ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ ሲያዩ ግን እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ አሉ። ሽቦው በየት በኩል እንደሚሄድ ያልታወቀ ግድግዳ መንካት በፈቃዳቸው ውስጥ የለም። ቆጣሪውን ላጥፋው ብላቸው የጠፋ ሽቦም ሽቦ ነው አሉኝ። ሽቦው ሲነሣ እንድጠራቸው ነግረውኝ ሜትራቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

፪. ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ትሑት ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት። ሽቦውን ለማንሣት ዝግጁ ናቸው። ነገር ግን ሽቦው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ግድግዳ መክፈት ደግሞ የግንበኛ ሥራ ነው። ግድግዳው ሲከፈት ይጥሩኝ አሉ። እኔም መላ ያገኘሁ መስሎኝ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጠራኋቸው። ከበሩ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እጅግ ተከባብረው፣ እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻም ተጨባብጠውና ስልክ ተለዋውጠው አብረው ወጡ። ወዳጅነታቸው እንደጸና ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ፍሬ መገኘቱ ደስ ብሎኛል።

፫. አናጢውማ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ውብ በር ነው፤ ሰባ ሳንቲሜትር፣ ለወንበሩ ሁለት ሳንቲሜትር መተንፈሻ ተጨምሮበታል። ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንግዳ ሁሉ ወዴት ነው የሚያስገባው ይለኛል።

፬. ይኼኛው ቅሬታ ሳይሆን የቤተሰብ ወሬ ነው። ይህን ቤት የሠራው ባለቤቴ ነው። መሠረቱን የቆፈረ፣ ግድግዳውን ያቆመ፣ ቧንቧውን የዘረጋ፣ ያቺን ማብሪያ ማጥፊያ እዚያ ያስቀመጣት እሱ ነው። ደንብዎ ሲወጣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ሕጋዊ ልሁን ብሎ የሮጠውም እሱ ነው። ከሙያዎችህ አንዱን ብቻ ምረጥ ሲሉት አጭሩን ሰልፍ መረጠ፤ የቀለም ቅብ መስኮት ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ የራስ ቤትም ቢሆን ደንብ ደንብ ነው ስለተባለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ የሠራውን ቤት ቀለም ከመቀባት በቀር አልነካውም። ሕግ አክባሪ ነው፤ እንደ እኔው ቂል።

ሽቦው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። በግራ እጁ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶበት፣ ልብስ በምቀድበት ወረቀት ላይ ሥዕሉን አወጣው፦ ሽቦው ከማብሪያ ማጥፊያዋ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ከበሩ ማዶ ባለው ጎን ምንም የለም፤ በዚያ በኩል ቢቆረጥ ማንም አይጎዳም። ወረቀቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ መስኮት ሰባት ቀረብኩ። ባልደረባዎ ሥዕሉን በጥሞና አዩት፣ የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ መዝገብ አገላበጡ፤ ከዚያም የቀለም ቀቢ ሥዕል ለግንበኛ ማስረጃ እንደማይሆን ነገሩኝ። ሲሸኙኝ ሥዕሉ ግን ቆንጆ ነው አሉኝ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ይህንኑ ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር መስጠት አቃተኝ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ፊቱን ሲታጠብ እንኳ በር የሚዘጋ ሰው ነበር። ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ሳፋ ላይ ይታጠባል። የእኔ ወገብ እምቢ ሲል ሴት ልጃችን ታጥበዋለች። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እሷም ትጨፍናለች፤ ሳሙናውን የሚያገኙት በዳበሳ ነው። ሰሞኑን ውኃ መጠጣት ቀንሷል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ስለገባኝ አልጠየቅሁትም። መቀሴ ግድግዳ አይቆርጥም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ግንበኛው ይቅደሙ ወይስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው? በአንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ማኅተሙ ቢደበዝዝም ግድ የለኝም።

ማስታወቂያዎን በቃሏ ያጠናች፣ ከሰልፍዎ ዝንፍ ያላለች፣ አዲስ በር ሳሎኗ ውስጥ በእንግድነት ያስቀመጠች፣ ታማኝ አገልጋይዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ፊርማዬን ሳኖር ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል የመፋቅ ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ ወንበሩን በሩ ድረስ ገፍቶ፣ በግራ እጁ፣ በሾርባ ማንኪያ፣ ሽቦ በሌለበት ጎን ግድግዳውን እየፋቀ ነው። ለካሁት፤ እስካሁን ግማሽ ሳንቲሜትር ገብቷል። የቀለም ቀቢ ፈቃድ ይዞ ግድግዳ መቁረጥ በደንብዎ እንደሚያስጠይቅ ስለማውቅ ራሴ ጠቁሜያለሁና ተቆጣጣሪ ይላኩ። አይሸሽም። ተባባሪ እንዳለውም ይመዝገብልኝ፤ ፖስታውን እንዳሸግሁ ሁለተኛውን ማንኪያ ላነሣ ነው።