መጥረጊያዬን መልሱልኝ ያለው ኪፕንጌኖ

ለተወደዱ አባቴ፣

የኪታሌ ዝናብና የልጅ ልጆችዎ ጩኸት እንደምን አድርገውዎታል? እጅዎስ ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዝዎታል ወይ? እኛ እርስዎን ከመናፈቅ በቀር ደህና ነን።

አባባ፣ ሰሞኑን ሻይ ፋብሪካው በገባሁ ቁጥር ድቅን ይሉብኛል። መፍጫው ጣቶችዎን ከወሰደ በኋላ፣ የፈረቃ መግቢያው ሳይረን ሲጮህ ቦቲ ጫማዎን አጥልቀው በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከፋብሪካው እንዴት ነህ ያለዎት አልነበረም። እማዬ "ማንን ነው የምትጠብቀው?" ስትልዎት ዓይንዎን ከፋብሪካው መንገድ አይነቅሉም ነበር።

ዘንድሮ የፈረቃ ኃላፊ አድርገውኝ የለ? አብሮን የሚሠራው ኪፕንጌኖ ትከሻው ተሰበረ። የእርስዎ ነገር እንዳይደገም ብዬ፣ ገና አልጋ ላይ ሳለ ጓደኞቹን አስከትዬ፣ አንድ ቅል የሙርሲክ እርጎ ይዤለት ሄድኩ። "ቦታህን ለማንም አልሰጠንም" አልነው። ሐኪሙ ከባድ ነገር ብቻ ስለከለከለው፣ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጄ ቅጠል ማጠውለጊያው ክፍል ግማሽ ቀን እንዲሠራ አደረግኩ።

የኛን ሰው መቼም ያውቁታል! የታመመ ሰው እቃ አያነሳም በሚለው ልማዳችን ሥራውን ሁሉ ነጠቁት። ያቺ ቀልደኛዋ ቼሮቲች መጥረጊያውን እንኳ ከእጁ ቀማችው። "አንተ አርፈህ ቁጭ በል፣ እኛ አለንልህ" ይሉታል። ሰውየው ፊቱ እየጠቆረ ሄደና አንድ ጠዋት "ከሞትኩ ቅበሩኝ! ካልሞትኩ መጥረጊያዬን መልሱልኝ! አለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ አታዩኝም" ብሎ ጮኸ። የሚቀር መሆኑን ከዓይኑ አየሁት።

ወዲያው ሁሉንም ሰብስቤ፣ የሚችለውንና የማይችለውን እሱኑ በፊታቸው ጠየቅኩት። ጆንያ ማንሳቱ ለሌሎቹ፣ ቅጠል ማገላበጡና መጥረጉ ለሱ ሆነ፤ በሱ ሥራ ማንም እንዳይገባበት ተስማማን። ትከሻው እየጠና ሲሄድ ሰዓቱን ጨመርንለት።

ትናንት ሙሉ ቀን መሥራት በሚጀምርበት ዕለት አርፍዶ መጣ! ቼሮቲች ወገቧን ይዛ "አንተ ሰነፍ! ፀሐይ እስኪሞቅህ ትተኛለህ? ቅጠሉን ማን ሊያገላብጥልህ ነው?" ብላ ጮኸችበት። እሱ ከት ብሎ ሳቀ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ወንድሜን ኪፕላጋትን በጣም ናፍቄዋለሁ በሉልኝ። ሚስቱ ጄሩቶ ደህና ትሁንልኝ፤ ትንሿን ቼፕቱምን ጉንጯን ሳሙልኝ።

እኔ ግን ትናንት ሁሉም በቼሮቲች ቁጣ ሲስቁ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፣ አባባ። እርስዎን ያኔ እንደዚያ የሚቆጣዎት አንድ ሰው ጠፋ።

ልጅዎ ቼላንጋት
ኬሪቾ፣ ጁላይ 12 ቀን 2018